ሚስማሩ ላይ የቀረችው ቆርኪ

ተካ የላከልኝ መልእክት ሁለት ዓረፍተ ነገር ነበር። «ጋሽ ከድር ሌሊት ቤታቸው ውስጥ ዐርፈው ተገኙ። ቆርኪያቸው ግን ሚስማሩ ላይ ናት።»

ከተክለ ሃይማኖት ወደ ልደታ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። «ወራጅ አለ!» ያልኩት መውረጃዬ ገና ሳይደርስ ነው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የሚያስለቅስ ነበር፤ እንባዬን ያስቆመው ሁለተኛው ነው። እኛ ጋ ቆርኪ ሚስማር ላይ ከተሰቀለች ባለቤቷ ታንከር ውስጥ ነው ማለት ነው። ጋሽ ከድር ደግሞ ቆርኪያቸውን ሰቅለው ወደ ቤት የሄዱበትን አንድ ቀን አላስታውስም።

«እኛ ጋ» የምለው ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ያለውን ወርክሾፕ ነው። ከላሜራ ታንከር እንሠራለን፤ ለሆቴል፣ ለዱቄት ፋብሪካ፣ ውሃ በፈረቃ ለሚደርሰው ሕንፃ ሁሉ። እኔ ቀለም ቀቢ ነኝ። ታንከሩ ተበይዶ ሲያልቅ ሆዱ ውስጥ ገብቼ የዝገት መከላከያውን እቀባለሁ፤ ከዚያ ወጥቼ ጎኑ ላይ «የመጠጥ ውሃ» ብዬ እጽፋለሁ። ግጥምም እጽፋለሁ፤ ያስተማረኝ ሰው ግን የለም። ስንኝ ማሳጠርን የተማርኩት ቀለም ሲያልቅብኝ ነው።

ጋሽ ከድር ወደ እኛ የመጡት ዓረብ አገር ብዙ ዓመት ሠርተው ሲመለሱ ነው። ረጅም፣ ከሲታ፣ ሰማያዊ ቱታቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ፣ ሲያዳምጡ ቀኝ ጆሯቸውን የሚያስቀድሙ ሰው ነበሩ። ሥራቸው ያለቀለትን ታንከር መፈተሽ ነው። ሌላው ፈታሽ በመዶሻ መትቶ ድምፁን ይሰማል። እሳቸው እንደ ታመመ ሰው ግንባር መዳፋቸውን ይለጥፉበትና ዝም ይላሉ። ከዚያ «እዚህ ጋ ይተነፍሳል» ይላሉ። ቦታውን ሳሙና ስንቀባው አረፋ ያወጣል። አንድም ቀን ሲሳሳቱ አላየሁም።

ዓረብ አገር የሠሩት የውሃ ታንከር አልነበረም። ወደብ ዳር፣ የተፈጥሮ ጋዝ አቀዝቅዘው መርከብ ላይ የሚጭኑበት ቦታ ነበር።

«ከዜሮ በታች መቶ ስድሳ ሁለት ሲደርስ ጋዙ ፈሳሽ ይሆናል» ይሉን ነበር ምሳ ሰዓት ላይ። «እንደ ውሃ ጥርት ያለ። ስድስት መቶ ክፍል የሚሞላ ጋዝ አንድ ክፍል ውስጥ ገብቶ ይተኛል። ተኛ ስላችሁ ግን እንቅልፍ የለውም። ሁልጊዜ ይፈላል።»

«በዚያ ብርድ?» አልኩ።

«በዚያ ብርድ። ጆሮሽን ብትለጥፊ ግን ምንም አይሰማሽም።»

ጠመኔ ያነሱና ላሜራ ላይ ይስሉልናል። «ይሄ ባለ አንድ ግድግዳው ነው። ብርዱን የሚችለው የውስጡ ብረት ብቻ ነው፤ የውጪው ሙቀት መከላከያውን የሚይዝ ልብስ ነው። ውስጡ ከተሰነጠቀ ልብሱ አያቆመውም። ስለዚህ ዙሪያውን ግድብ ይሠሩለታል፤ ሰፊ ባዶ መሬት ይፈልጋል። ይሄ ባለ ሁለቱ ነው። ቢፈስ ሁለተኛው ግድግዳ ፈሳሹን ይይዘዋል፤ እንፋሎቱ ግን ያመልጠዋል። ይሄ ደግሞ ሙሉው ነው። ዙሪያው ኮንክሪት፣ ጣሪያው ኮንክሪት። ፈሳሹንም እንፋሎቱንም ይዞ ዝም ይላል። ቦታ ጠቦ ሰው አጠገብ ሲሆን የሚሠሩት እሱን ነው።»

«ጋሼ፣ የልደታ ኮንዶሚኒየምስ የትኛው ነው?» ይላል ተካ። ተካ በያጃችን ነው፤ ቀልድ ሳይናገር ብሎን አያጠብቅም።

«እሱማ ልብሱም የለውም። ጎረቤቴ ሲያስነጥስ ‹ይማርህ› የምለው ከአልጋዬ ሳልነሳ ነው።»

ከታንክ አልፈው ሰውንም በዚሁ ይለዩ ነበር። የወርክሾፑ ባለቤት ሳሙኤል ባለ አንድ ነው፤ «ሲቆጣ ዙሪያውን ቦታ ስጡት» ይላሉ። ተካ ባለ ሁለት ነው፤ «ምስጢር አይፈስበትም፤ እንፋሎቱን ግን ማቆም አይችልም።» አንድ ቀን ወደ እኔ ዞሩ።

«ራሔል፣ አንቺ ሜምብሬን ነሽ።»

«እሱ ደግሞ ምንድነው?»

«ቆዳው ከዚህ ላሜራ ይቀጥናል። ሲቀዘቅዝ ሳይቀደድ እንዲኮማተር በመስመር በመስመር የተጨማደደ ነው። መርከብ ሆድ ውስጥ የሚሠሩት እሱን ነው፤ መሬት ውስጥ የሚቀበሩም አሉ። ራሱን ችሎ ግን አይቆምም። ከኋላው የሚደገፍበት ግንብ ይፈልጋል።»

ተናደድኩ። ያን ጊዜ ማንንም የማልደገፍ ይመስለኝ ነበር። «እርስዎስ?» አልኳቸው።

የሳሉትን በእጅጌያቸው አጠፉት። «እኔ ትንሿ ነኝ። ቧንቧ ወደማይደርስበት ፋብሪካ በመኪና የምትሄደዋ። ሁለት ቆዳ አላት፤ በመካከላቸው ምንም የለም። አየር እንኳ መጥጠው አውጥተውታል። ብርዱን የሚጠብቅላት ያ ባዶው ነው።»



የቆርኪውን ሥርዓት ያመጡት እሳቸው ናቸው። ግድግዳ ላይ ሰሌዳ ቸነከሩ፤ ለእያንዳንዳችን የጠርሙስ ቆርኪ ቀጥቅጠው አቀኑ፤ እኔ ስማችንን ጻፍኩበት። ወደ ታንከር ስትገቢ ትሰቅያለሽ፣ ስትወጪ ታነሻለሽ። አንድ ሕግ ደግሞ ከሁሉም በላይ ነበር፤ የሰው ቆርኪ አይነካም።

ክዳን ከመዘጋቱ በፊት ግን ሰሌዳውን አያምኑም። ጭንቅላታቸውን በታንከሩ አፍ ያስገቡና መጀመሪያ አንድ የማናውቀውን ሰው ይጠራሉ። «ሙሉጌታ!» ድምፁ ታንከሩን ዞሮ፣ የሌላ ሰው ድምፅ መስሎ ይመለሳል። መዳፋቸውን ብረቱ ላይ ያኖሩና ሠላሳ ትንፋሽ ይቆጥራሉ። ከዚያ የእኛን ስም አንድ በአንድ። የተጠራው ካለበት ቦታ «ውጪ ነኝ!» ማለት አለበት።

«መንገድ ላይ ነኝ፣ እየደረስኩ ነው!» ይላል ተካ። ወይም «ጋሼ፣ ሙሉጌታ እኮ ስልኩን ዘግቶታል!»

አይቆጡትም ነበር። አንድ ቀን ብቻችንን ሆነን «ሙሉጌታ የሚባለው ይመልሳል?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«አንዳንዴ።»

«ምን ብሎ?»

በጣታቸው አንጓ አጠገባችን ያለውን ላሜራ ሦስት ጊዜ መቱት። ቀስ ብለው። ዝናብ ሊዘንብ ነበር፤ ግቢው በአንዴ ጨለመብኝ።

ታሪኩን የነገሩኝ ያን ቀን ነው። ሙሉጌታ የልደታ ልጅ ነበር። ዓረብ አገር አንድ ክፍል ይጋሩ ነበር፣ አንድ ታንክ ውስጥም ሙቀት መከላከያ ይገጥሙ ነበር። እዚያም ሰሌዳ አለ፤ ሰው ሁሉ ስሙ ያለበትን ካርድ ይሰቅላል። ሥራው ያለቀ ቀን ሁለቱም ወጡ። ካርድ ለማንሳት ሰልፍ ነበር። ጋሽ ከድር ፊት ስለነበሩ የጓደኛቸውንም ካርድ አነሱለት። ሙሉጌታ «ጓንቴን ረሳሁ» ብሎ በሠራተኛ መውጫው ተመለሰ። ሰሌዳው ባዶ ሆነ። ጠባቂው ሰሌዳውን አየ፣ በሩ ተዘጋ።

«አዲስ ታንክ ጋዝ ከመግባቱ በፊት አየሩን በናይትሮጅን ያስወጡታል» አሉኝ። «የቤትሽ ቡታጋዝ የሚሸተው ሰው ሽታ ስለጨመረበት ነው። ናይትሮጅን ማንም ምንም አልጨመረበትም። አይሸትም፣ አያስልም፣ አያቃጥልም። ሁለት ትንፋሽ፣ ሦስት ትንፋሽ፣ ከዚያ ጉልበት የለም። በሩን ሲዘጉ ባጠገቡ አለፍኩ። ሦስት ጊዜ ሲንኳኳ ሰማሁ። ጠባቂው ‹ብረት ሲረጋጋ እንዲህ ያደርጋል› አለኝ። እውነቱን ነው፤ ያደርጋል። እኔም ሙሉጌታ ወጥቷል ብዬ አለፍኩ። ማታ ራት ላይ አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ሆነ።»

አገር የገቡት ካርዱን ይዘው ነው። ለእናቱ ለእትዬ ዘነበች ያስረከቡት በእጃቸው ነው፤ ማን እንዳነሳውም ራሳቸው ነገሯት። ከዚያ እሷ ያለችበት የኮንዶሚኒየም ብሎክ ውስጥ ቤት ተከራዩ። በየማለዳው ወደ ሥራ ሲወርዱ በሯ ላይ ቆመው «እትዬ ዘነበች!» ይላሉ። «አለሁ!» እስክትል አይሄዱም።

አሁን ወደ እኔ ነገር ልምጣ።

ዓርብ ነበር። ጋሽ ከድር ለጁምዓ ሶላት ሄደዋል። ለውሃ ቦቴ የሚሆን ረጅም ታንከር ጨርሰን መኪናው ላይ የሚጭነውን ክሬን እየጠበቅን ነው። የመጨረሻውን ቀለም ቀብቼ ወጣሁና እጄን እየታጠብኩ «በቃ፣ ምሳ ልሄድ ነው» አልኩ። ተካ የራሱን ቆርኪ ሲያነሳ የእኔንም አነሳልኝ። በእኛ አገር ይህ ጥፋት አይደለም፤ ጨዋነት ነው። ሰው ለባልደረባው ጃኬቱን ያነሳለታል፣ ሰሃኑን ያነሳለታል። ተካ ዞር ሲል የግጥም ደብተሬ ታንከሩ ውስጥ መቅረቱ ትዝ አለኝ። ቆርኪዬ ተካ ጋ ስለነበረች ሚስማሬ ላይ የምሰቅለው አልነበረኝም። ለአንድ ደቂቃ ምን አለበት ብዬ ገባሁ።

የቦቴ ሆድ ውሃው በጉዞ እንዳይናወጥ በላሜራ የተከፋፈለ ነው። ደብተሬ ያለው መጨረሻው ክፍል ውስጥ ነበር። በአፉ በኩል በሚገባው ብርሃን አንድ ስንኝ አነበብኩ። ላስተካክለው ብዬ ተቀመጥኩ። የቀለሙ ሽታ ቅድም ያስጨንቀኝ ነበር፤ አሁን አይሸተኝም። ይህ እንደ መልካም ነገር ታየኝ። ቀጥሎ የማስታውሰው በጎኔ ተጋድሜ፣ ብርሃኑ ሲጠፋ ነው።

ክዳኑ ሲያርፍ ሰማሁ። ብሎን ሲጠብቅ ሰማሁ። ጮኽኩ ብዬ ነበር፤ አፌ ግን አልተከፈተም። ቆርኪዬ ሚስማሩ ላይ የለችም፤ ስለዚህ እኔ እዚህ የለሁም። ይህን ያሰብኩት ሳልደነግጥ ነው። እስከ ዛሬ የሚያስፈራኝም አለመደንገጤ ነው።

ከዚያ ከእግሬ በኩል፣ ቧንቧ በሚገጠምበት ቀዳዳ፣ የሰው ድምፅ ገባ።

«ሙሉጌታ!»

ጋሽ ከድር ከሶላት ተመልሰው ክዳኑ ተዘግቶ ነው ያገኙት። ሳሙኤል ይጮኻል፦ «ጋሽ ከድር፣ ክሬኑ ቆሞ ነው ያለው! ሰሌዳው ባዶ ነው፤ ሕጉ የራስዎ ነው!»

«ሳሙኤል!»

«ኧረ አጠገብዎ ነኝ!»

«ተካ!»

«ውጪ ነኝ ጋሼ!»

«ራሔል!»

ስሜ በጨለማው ውስጥ መጥቶ በላዬ አለፈ። መልስ የሰጠው ተካ ነው። «ምሳ ሄዳለች። ቆርኪዋንም እኔው ነኝ ያነሳሁላት።»

ውጪው ጸጥ አለ። ተካ ኋላ እንደነገረኝ ጋሽ ከድር በሁለት እጃቸው ታንከሩን አቅፈው፣ ቀኝ ጆሯቸውን ለጥፈው፣ ከንፈራቸው ትንፋሽ ይቆጥር ነበር።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። ቀስ ብሎ። በጣት አንጓ።

እኔም ሰማሁት። ከእኔ ማዶ፣ ከላሜራው ጀርባ፣ ከባዶው ክፍል ነበር። ቀኝ እጄ ከጎኔ ሥር ደንዝዞ ነበር፤ ግራው ደብተሬ ላይ ነበር። ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም።

«ክፈቱ!» ሲሉ ሰማሁ። እንዲያ ያለ ድምፅ ከእሳቸው ወጥቶ አያውቅም።

ክሊኒኩ ውስጥ ዓይኔን ስገልጥ አልጋዬ አጠገብ ተቀምጠዋል። ተካ በር ላይ ቆሞ እንደ ሕፃን ያለቅሳል። ጋሽ ከድር ጎንበስ ብለው እሱ በማይሰማው ድምፅ ጠየቁኝ።

«ያንኳኳሽው አንቺ ነሽ አይደል?»

የሰው ዓይን እንዲያ ሲለምን አይቼ አላውቅም። ምን እንደሚለምን ግን ያኔ አልገባኝም። ቀላሉን መለስኩ።

«አዎ።»

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ከዚያ ፈገግ አሉ። «እኔ ስንት ዓመት ሙሉ እሱ ነው ብዬ! ለካ የሚያንኳኳው ሕይወት ያለው ሰው ነው፤ ሌላው ብረት ነው። ሽማግሌ ሆኛለሁ።»

ከዚያ በኋላ ሙሉጌታን አልጠሩትም። ታንከር አፍ ላይ ሲደርሱ ከሳሙኤል ይጀምራሉ፣ ሠላሳውን ትንፋሽ አይቆጥሩም። ተካ መጀመሪያ ላይ ደስ አለው፤ «ጋሼ ተሻላቸው» አለ። እኔ ግን ከሰሌዳው ሥር ቆሜ አያቸው ነበር። ስም ሊጠሩ ከንፈራቸውን ያላቅቁና መልሰው ይዘጉታል። ቱታው በላያቸው ሰፋ። መዳፋቸው መሳሳት ጀመረ፤ «እዚህ ጋ ይተነፍሳል» ያሉት ቦታ አረፋ አያወጣም።

አንድ ጊዜ ስለ ጋዙ ሲያወሩ እንዲህ ብለውኝ ነበር፦ «አሮጌው ፈሳሽ ከታች፣ አዲሱ ከላይ ሆነው ሳይቀላቀሉ የሚተኙበት ጊዜ አለ። ከላይ ስታዪው ጸጥ ያለ ነው። የታችኛው ግን ቀስ እያለ ይሞቃል፣ ይቀላል። አንድ ቀን ሁሉም በአንዴ ይገለበጣል፤ ያን ቀን እንፋሎቱን የሚችል ጣሪያ ካለ ነው።» የእኔም ውሸት እንደዚያ ተኝቶ ነበር። ጓደኛቸውን እንደወሰድኩባቸው አውቄያለሁ። ብነግራቸው ደግሞ እዚያ ብቻውን እንዳለ፣ ዛሬም እንደሚያንኳኳ ልነግራቸው ነው። የትኛው ይሻላቸዋል? ዛሬ ልንገራቸው እያልኩ፣ ምሳ አብረን እየበላን፣ ሳልነግራቸው ወራት አለፉ።

ቀብራቸው የተካ መልእክት በደረሰኝ በዚያው ቀን ከዙህር ሶላት በኋላ ተፈጸመ። እኔ ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ድንኳን ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥኩ። እትዬ ዘነበች ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ አጠገቤ ነበረች።

«ዛሬ የጠራኝ የለም» አለችኝ። «ልብሴን ለብሼ በሩ ጋ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ረፈደ። ያወቅኩት እንደዚያ ነው።»

«ስለ ልጅዎ...» ብዬ ጀመርኩና አቃተኝ።

«ስለ ልጄማ ካርዱን ባመጣልኝ ቀን ነው ይቅር ያልኩት፤ ከድር ግን አልሰማኝም። ጆሮው ሌላ ነገር ያዳምጥ ነበር።»

በማግስቱ ወርክሾፑ ሥራ አልጀመረም። ጋሽ ከድር በመጨረሻው ቀን የፈተሹት ታንከር ግቢው መሃል አፉን ከፍቶ ተጋድሟል። ሰሌዳው ላይ አንዲት ቆርኪ አለች፤ «ከድር» የሚለውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

«ምን እናድርጋት?» አለ ሳሙኤል። «አንድ ሰው ያንሳት እንጂ።»

«እኔ አልነካትም» አለ ተካ። «እኔ የሰው ቆርኪ ሁለተኛ አልነካም።»

ወደ ታንከሩ ሄድኩ። ጭንቅላቴን በአፉ አስገባሁ። የአዲስ ብረት ሽታ ነበረው፤ ፀሐይ ብትወጣም ውስጡ ቀዝቃዛ ነው። ተካ ከኋላዬ መጥቶ ቆመ።

«ሙሉጌታ!» አልኩ።

ድምፄ ዞሮ ተመለሰ፤ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

«ጋሽ ከድር! ራሔል ነኝ፣ ውጪ ነኝ! ያን ቀን ያንኳኳሁት እኔ አይደለሁም። እጄን ማንሳት አልቻልኩም ነበር። እሱ ነው። ያወጣኝ እሱ ነው!»

መዳፌን ብረቱ ላይ ለጥፌ ትንፋሽ መቁጠር ጀመርኩ። ተካም አጠገቤ መዳፉን ለጠፈ፤ ምንም አልቀለደም። አሥር ደረስኩ። ሃያ ደረስኩ።

ሃያ አንደኛው ላይ ተካ በሌላኛው እጁ እጄን ጨብጦ ያዘኝ። «ሰማሽ?» አለኝ። ፊቱን አላየሁትም፤ እስከ ሠላሳ ቆጠርኩ።

ሰሌዳው ላይ ዛሬም አንዲት ቆርኪ ተሰቅላለች። ያን ታንከር ግን እስካሁን ክዳን የገጠመለት የለም።